የባንችይርጋ ሙሾ እንዴት የፍቅር ግጥም እንደ ሆነ

ለክቡር አቶ ፈንታው ቢተው፣
የአሸተን ጤዛ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር መሥራችና ሰብሳቢ፣ ባለሆቴል፣ አሠልጣኝና ገጣሚ
ላሊበላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎስ ተሻለው? ባለፈው እሑድ ከቤተ ማርያም ሲመለሱ ቁልቁለቱን ያለ ምርኩዝ ሲወርዱት አይቼ አምላክን ከልቤ አመስግኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ለታመመ ሰው መጻፍ ነውር ይሆንብኝ ነበርና።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት ፈልጌ እንዳይመስልዎ። ነገሩን በግል ባነሣሁልዎ ጊዜ ሁሉ ሻይ አዝዘውልኝ፣ ሻዩ ሳይበርድ እኔ እየበረድሁ ስለ ተመለስሁ ነው። አደባባይ ላይ ሻይ የሚያዝልኝ ሰው ስለሌለ፣ እዚህ እስከ መጨረሻው የምናገር ይመስለኛል።

እኛን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ልንገር። አቶ ፈንታው የእንግዳው እግር ከከተማችን በቀነሰ ጊዜ፣ ባዶውን የቀረውን የሆቴላቸውን አዳራሽ ለከተማዋ ጸሐፊዎች በነጻ የከፈቱ ሰው ናቸው። ይህ ሐሰት የሌለበት ውለታ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አይሽረውም። እኔ አረጋ ወንዴ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርና የማኅበሩ አርታኢ ነኝ። ነጠላ ሠረዝ ቦታዋን ስትስት ምሳ የማይበላ ሰው እየተባልሁ የምታማ እኔ ነኝ፤ ሐሜቱም እውነት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ምን እንዳደረገ ወደ ታች ይነበባል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ማኅበራችን በደንብ የሚመራ ማኅበር ስለሆነ በሥርዓት ማማረርም ከእርስዎ የተማርነው ነው።

አንደኛ። በመስከረም «የደራሲ መብትና የፈጠራ ሐቀኝነት» በሚል ርእስ ስለ ሰጡን ሥልጠና ምስጋናዬ እስከ ዛሬ አልደረሰዎትም፤ አሁን ይድረስዎ። የሰው ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ከኪስ ከማውጣት እንደማይለይ፣ እንዲያውም ኪስ የተፈተሸበት ሰው ቢያንስ እጁን ሰዶ እንደሚያውቅ፣ ደራሲ ግን የተወሰደበትን ሳያውቅ እንደሚያረጅ ያስረዱበት ክፍል የብዙዎቻችንን ዓይን በእንባ ሞልቶታል። ለእኛ በታደለው ጽሑፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ክቡራን የባሕር ዳር ሠልጣኞች ሆይ፣ ከዚህ ውብ ሐይቅ ዳር ስለ ተገናኘን ደስ ብሎናል» የሚል መኖሩን በወቅቱ አይተን ዝም ብለናል። ላሊበላ ላይ ሐይቅ ፈልገን አጥተን ሳይሆን፣ ምሳው ጥሩ ስለ ነበረ ነው። ያን ቀን ስቄ ነበር። ሳቅ ዝምታ እንደሆነ፣ ዝምታም ሲለመድ ሥራ እንደሚሆን ያን ቀን ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ።

ሁለተኛ። በማኅበሩ ስም በታተመው የግጥም መድበልዎ በር ላይ ስለ ተቀመጠው፣ በየስልኩ ስለ ዞረው፣ አንባቢዎችዎም በቃላቸው ስለ ያዙት «በር የሌለው ፍቅር» ስለ ተባለው ግጥም ነው። ይህን ግጥም እርስዎ ከየት እንዳገኙት አውቃለሁ፤ ሲያገኙት አጠገብዎ ተቀምጬ ነበርና።

የባንችይርጋ ልጅ ደጀን አስጎብኚ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደላንታ ወርዶ፣ ከወገል ጤና ከተማ ማዶ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ሊቆፍር ገደሉ ውስጥ ገባ፤ አፈሩ ተናደበት። በጋሸና በኩል አምጥተው ቀበርነው። እናቱን የማያውቅ የለም፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጧፍ የምትሸጠው፣ ለማንም የማትመለሰው፣ ጧፉ ቀጠነ ያላትን ሰው «ኃጢአትዎ ስንት ቢሆን ነው ወፍራም የሚፈልጉት?» የምትለው ባንችይርጋ ናት። በልጇ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እርስዎና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ተነሥታ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ያባቶቹን ድንጋይ ለሰው ሲያስጎበኝ፣
የደላንታ ድንጋይ ደጀንን ነጠቀኝ።
ለፈረንጁ ሁሉ በር እየከፈተ፣
በር በሌለው ጉድጓድ ደጀን ገብቶ ሞተ።

ድንኳኑ እንዴት እንደሆነ ያስታውሳሉ። ደረቱን ያልመታ አልነበረም። እርስዎም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ይህ እኮ ግጥም ነው» አሉኝ። እኔም «ነው» አልሁ። ያ «ነው» ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሁለታችንም አላወቅንም፤ ከፋይዋ ግን ከፊታችን ቆማ ነበር።

በእኛ አካባቢ ለአንድ ሟች የወረደ ሙሾ የዚያ ሟች ነው። አልቃሿ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ታነሣዋለች እንጂ ለሌላ ሬሳ አታውለውም። አንዲት አልቃሽ ለአንዱ ያወረደችውን ለሌላው ስትደግም ከተገኘች «የሞተ ገፈፈች» ትባላለች፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ለቅሶ አይጠሯትም። ይህን ሕግ ያወጣው የሠለጠነ ማኅበር አይደለም። ሥልጠናም አይሰጥበትም። ቢሆንም ይሠራል።

ሦስተኛ። ከገንዘብም ከክብርም በላይ የሚያሳዝነኝ የእጅ ሥራዎ ጥራት ነው። ሰርቆ ማበላሸት ከመስረቅ ይከፋል። የታተመው እንዲህ ይላል፦

ያባቶቼን ድንጋይ ለዓለም ሳስጎበኝ፣
የደረትሽ ድንጋይ ልቤንም ነጠቀኝ።
ለፈረንጁ ሁሉ በር እየከፈተ፣
በር በሌለው ጉድጓድ ልቤ ገብቶ ሞተ።

ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዎ አንድ ቱሪስት እንኳ ከሆቴልዎ በር አልፈው ወስደው እንደማያውቁ ከተማው ያውቃል፤ እሺ፣ ገጣሚ ምን ያላደረገው አለ። ነገር ግን ደላንታን አንሥተው በምትኩ የተከሏት፣ በደረቷ ድንጋይ ተሸክማ የምትዞረው ቆንጆ ማን ናት? ለፈረንጅ ሁሉ በር የሚከፍተውስ ልብ ምን ዓይነት ልብ ነው? ከእነዚያ ሁሉ አድናቂዎች አንዱ እንኳ ይህን አልጠየቀም። ሁሉም ሳያውቁ ያለቀሱት በባንችይርጋ ለቅሶ ስለ ነበረ ነው፤ የለቅሶው ኃይል በእርስዎ ቃላት ሥር እንደ ውኃ ይሄዳል፣ እርስዎ ሊያደርቁት ቢሞክሩም አልደረቀም።

እዚህ ላይ ማቆምና መፈረም አምሮኝ ነበር። ደብዳቤው እስከዚህ ድረስ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔም ንጹሕ ነኝ።

ግን «ልቤ» የሚለውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ረቂቁን ከለቅሶው ትንሽ ቆይተው ወደ ቤቴ አምጥተው ሲያነቡልኝ ገና በመጀመሪያው ስንኝ የማን እንደሆነ አውቄ ነበር፤ እርስዎም ማወቄን ያውቁ ነበር። ሁለታችንም አልተናገርንም። እርስዎ የፍቅር ግጥም እንዲሆን ፈልገው እንደነበረ፣ ደጀን የሚለው ስም ግን አላስኬድ እንዳለዎት ነገሩኝ፤ «መምህር፣ እዚችው ጋ ለጆሮ የሚስማማ አንድ ቃል ይፈልጉልኝ፤ ቤቱ እንዳይፈርስብኝ» አሉ። እኔም እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ደጀን ሲጠራ «ደ-ጀን»፣ ሁለት ድምፅ ነው፤ ልቤም «ልብ-ቤ»፣ ሁለት ድምፅ ነው። አንዱን ብታነሣ ሌላው በቦታው ልክ ይገባል፤ ቤት አይፈርስም፣ ምት አይሰበርም፣ ስፌቱ እንኳ አይታይም። ሥራዬ አኮራኝ። ቃሉን ስነግርዎ ፈገግ ብዬ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ የአንድን ሰው ስም ከመቃብሩ ላይ ፍቆ ሲሰጥ ፈገግ ያለ አርታኢ በታሪክ ውስጥ ካለ፣ ማንነቱን በእግዚአብሔር ይንገሩኝና ብቻዬን አልሁን።

ለምን? የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ረጅም አይደለም። የአጫጭር ልብ ወለዶቼ ረቂቅ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነበር። «ቀጣዩ መጽሐፍ የእርስዎ ነው» ብለውኝ ነበር። ሌሎች ለዚህ ያህል ስንት ነገር ይሸጣሉ። እኔ የሸጥሁት የእኔ ያልሆነ ነገር ስለሆነ ዋጋው አልከበደኝም።

አራተኛ። ይህን ቁጥር ከሰብሳቢው ይልቅ ለመምህሩ፣ ለራሴ፣ ማቅረብ ነበረብኝ፤ ግን ከዚህ ቀደም ራሴን ብዙ ጊዜ በቀጠሮ መልሼዋለሁና በአንድ ወረቀት ላይ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልያዛችሁ። ግጥሙን በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ቤት አመታትን ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ «ልቤ» ከሚለው ቃል ሥር በቀይ ጠመኔ አስምሬ፣ አንድ ቃል በትክክለኛው ቦታ ሲያርፍ ምን እንደሚሠራ ለልጆቹ አብራርቻለሁ። ማኅሌት የምትባል ተማሪዬ፣ ከነበሩኝ ሁሉ ጆሮዋ የተሻለው፣ በቃሏ ይዛው ሄደች።

እንግዲህ የደጀን መንፈቅ ደረሰ። እርስዎ በዚያ ዕለት ሥራ በዝቶብዎት መምጣት አልተመቸዎትም፤ የላኩት ሣጥን ለስላሳ ግን በሰዓቱ ደርሷል፣ ቤተሰቡም አመስግነዋል። እኔ ነበርሁ። ባንችይርጋ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ወደ ደረቷ ወስዳ፣ «ያባቶቹን ድንጋይ» ብላ ስትጀምር ከወጣቶቹ መሐል ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ሁለተኛውን ስንኝ ስታወርድ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደብሪቱን ያውቋታል፤ የምታስበውን በጆሮዋ ሳትሰማ የማትውል የባንችይርጋ ጎረቤት ናት።

«ምነው ባንችይርጋ!» አለች ደብሪቱ። «የሆቴሉን ዘፈን ለልጅሽ?»

«ምን ዘፈን?»

«ኧረ ተዪ እታለም፣ የአቶ ፈንታው አይደለም እንዴ? በልጄ ስልክ ስንት ጊዜ ሰምቸዋለሁ። ለኮረዳ የተባለ ነገር ለሬሳ ይባላል?»

ባንችይርጋ ያልሰማች መስላ ቀጠለች። ግትር መሆኗን ነግሬአለሁ። «በር በሌለው ጉድጓድ ደጀን ገብቶ…» ላይ ስትደርስ ግን ማኅሌት አጠገቧ ተንበርክካ ነበር። ልጅቷ የዋህ ናት። ሐዘን ቃሉን ያስረሳት መስሏት፣ እጇን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ በደግነት እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ ባንቺ፣ ደጀን አይደለም። ልቤ ነው የሚለው።»

የባንችይርጋ እጅ ደረቷ ላይ እንደ ደረሰ ቀረ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሌላ አልቃሽ ተነሥታ የተለመደውን አወረደች፤ ለቅሶው እንደ ነገሩ ተፈጸመ። በጠራ ቀን፣ በእውነተኛ ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት እናት የራሷን ልጅ ስም ተሳሳትሽ ተብላ በአደባባይ ታረመች። ያረመቻት የእኔ ተማሪ ናት። ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በጣም ጥሩ ተማሪ ናት።

እኔስ በዚያ ሰዓት ምን አደረግሁ? አንገቴን ደፋሁ። ሐዘንተኛ መሰልሁ። ለቅሶ ቤት ለሌባ እንዴት ምቹ ቦታ እንደሆነ ያን ቀን ተረዳሁ፤ አንገት የደፋን ሰው ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አምስተኛና የመጨረሻ። ወደ እርስዎ መጥቼ ይህን በነገርሁዎት ጊዜ የሰጡኝ መልስ ነው። መልሱን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፤ የሰው ቃል ሲጠቀስ ባለቤቱ መነገር እንዳለበት ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና፦ «መምህር፣ ሙሾ ባለቤት የለውም። የሕዝብ ነው። እኔ ባላነሣው ኖሮ ንፋስ ይወስደው ነበር።» ግሩም አባባል ነው። ነገር ግን ንፋስ፣ ክቡር ሆይ፣ የወሰደውን ሽፋን አልብሶ ጀርባው ላይ ፎቶግራፉን አይለጥፍም። ንፋስ ለሁለተኛ ኅትመት አይዘጋጅም። ንፋስ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ባንችይርጋ በመንፈቁ አዲስ ትገጥም ነበር፤ ወይም ያንኑ ታነሣው ነበር፣ ማንም የማን ነው ብሎ አይጠይቃትም ነበር። «የሕዝብ ነው» የምንለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው ቆሞ ከራሱ ያወጣው ነው። ያ ሰው በሕይወት ያለና ጧፍ የሚሸጥልን ከሆነ ደግሞ ሕዝብ ብሎ መጥራት አድራሻውን ለመርሳት ነው።

ከእርስዎ ቤት ወጥቼ ወደ ባንችይርጋ ሄድሁ። መሄዱ ከተጻፈው ይልቅ ረዘመ፤ ሁለት ጊዜ ከአጥሩ ተመልሻለሁ። ጧፍ ትጠቀልል ነበር።

«ጧፍ ነው የሚፈልጉት መምህር?» አለችኝ ሳታየኝ።

«የለም፤ ስለ ሙሾሽ ነው።»

«የኔ ሙሾ አይደለም አሉ። የሆቴል ነው አሉ። ለልጄ በሰው ዘፈን አለቀስሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ለእኔ የተሰጠ አልነበረም። «ይኸው ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ምን ብዬ እንደምነሣ አላውቅም። ያንኑ ባወርደው የተዘፈነ ነው ይላሉ፤ ሌላ ብገጥም የበፊቱን ሰርቃ ነበር፣ ሲነቃባት ተወችው ይላሉ። እንደ ደብሪቱማ ከሆነ ዝም ብል ይሻላል።»

እኔም ተዘጋጅቼ የሄድሁትን ተናገርሁ። በሚቀጥለው ኅትመት ስምሽ ይጻፋል አልሁ፤ ገጣሚዋ ባንችይርጋ ተብሎ፣ በትልቁ፣ ከነምስጋናው። የደራሲ መብት ያልሁም ይመስለኛል። እርስዎ ያሠለጠኑኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአፌ ወጣ።

«የኔ ስም ምን ያደርግልኛል?» አለች። «የሱን ማን ነው የፋቀው?»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እርስዎን መጥራት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አልኋት።

«እርስዎ?» አየችኝ። «አቶ ፈንታው መስሎኝ።»

«የፋቅሁት እኔ ነኝ። በምትኩ ልቤ የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ጧፉን አስቀመጠችው። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ ብትጮህ ደስ ባለኝ። «ልብማ ማን የለውም መምህር?» አለች። «ሁሉም አለው። ደጀን የሚባል ልጅ ግን የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ።» ጧፉን መልሳ እያነሣችም «አሁን ይሂዱልኝ፤ ሰው ጧፍ ሊገዛ ይመጣል» አለችኝ።

ሄድሁ። በስንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ስለ ባለቤትነት ስናገር የነበረው ሁሉ ስለ ደራሲው ስም ነበር፤ ማን ጻፈው፣ ማን ይመስገን፣ ማን ይሸለም። ባንችይርጋ ስሟን አልጠየቀችም። የተወሰደባት ነገር በሽፋኑ ላይ አልነበረም፤ በአራተኛው ስንኝ ውስጥ፣ ከ«ጉድጓድ» ቀጥሎ፣ ሁለት ድምፅ ነበር። እኔ እጄን ሰድጄ ያወጣሁት እሱን ነው። እርስዎ የሰው ግጥም ወሰዱ፤ ይህ ስርቆት ነው፣ በሕግም በሥልጠናም ስም አለው። እኔ ያደረግሁትን ምን ብዬ እንደምጠራው እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁም። ቃል በማግኘት ግን ጎበዝ ነበርሁ።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ትሑት ልመናዬን ላቅርብ። የደጀን ሙት ዓመት የፊታችን ቅዳሜ ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል ያውቃሉ። ባንችይርጋ ከመነሣቷ በፊት አንድ ሰው ቆሞ ለደብሪቱ፣ ለማኅሌት፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ያ ሙሾ የማን እንደሆነ መናገር አለበት፤ አለዚያ ያቺ ሴት ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ደጀንም በእናቱ አፍ ሳይጠራ ያልፋል። ይህን መናገር የእርስዎ ድርሻ ነው። ንግግር ያምርብዎታል። ማይክሮፎን አያስፈልግም፤ ድንኳኑ ትንሽ ነው። ሲመጡ ለስላሳ አይላኩ፤ ራስዎ ይምጡ።

እርስዎ ባይመቸዎትም እኔ እቆማለሁ። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን እኔው እንዳልሸሽ ነው፤ ሕዝብ ካነበበው በኋላ ከአጥሩ መመለስ አይቻለኝም። ባንችይርጋ ከዚያ በኋላ ትነሣ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ቆሜ እንደምናገር ሰምታ «እንደ ፈለጉ» ብቻ ብላለች። ብትነሣም ይቅር አለችኝ ማለት እንዳልሆነ ተረድቻለሁ፤ የምትነሣው ለልጇ ነው።

ከማኅበሩ አርታኢነት ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ። የአጫጭር ልብ ወለዶቼን ረቂቅ ከመሳቢያዎ አውጥተው ለእንግዳ መቀበያው ልጅ ቢሰጡልኝ መጥቼ እወስዳለሁ። ምናልባት ግጥም አድርገው ሊያወጡት አስበው ከነበረ ይቅርታ፤ ስድ ንባብ ነው፣ ብዙ ሥራ ይጠይቅዎታል።

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሆቴልዎና ለመጪው ሁለተኛ ኅትመትዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ ሥልጠናውና ከራሴ ጋር ስላስተዋወቁኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በማመስገን፣ ያለ እርስዎ ይህን ያህል ዝቅ ማለት እንደማይሆንልኝ በማመን፣

የእርስዎ ታማኝ የሥራ ባልደረባና ግብረ አበር
አረጋ ወንዴ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
ለአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለተማሪ ማኅሌት፤ ልክ የነበሩት እትዬ ባንቺ እንደነበሩ እንድታውቅ፣ ጥፋቱም የመምህሯ እንጂ የእሷ አለመሆኑን እንድትረዳ
ለአርታኢው ለአረጋ ወንዴ፤ በጥብቅ እንዲያነብበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙሾውንና ከባንችይርጋ ጋር የተነጋገርነውን እዚህ ያሰፈርሁት ፈቃዷን ጠይቄ ነው። ሴት ልጇ ዳግማዊት ደብዳቤውን ከአናት እስከ እግሩ አነበበችላት። ባንችይርጋ ስለ ደጀን ልጅነት የጻፍኋትን አንዲት ዓረፍተ ነገር «እሷ የኔ ናት፤ ያውጧት» አለች፤ ከደብዳቤው ሁሉ የምወዳት እሷን ነበር፤ አወጣኋት። የቀረውን «ይሁን» አለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ጧፍ ጠቅልላ አልጨረሰችም። ክቡር ሆይ፣ መጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ይህን ያህል ነው፤ ምናልባት በሥልጠናው ላይ ጊዜ አጥሮዎት ያለፉት ክፍል እንደሆነ ብዬ ነው።